«እኛ በደልን» የሚል ለምን ጠፋ?

በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ መሬቱ ጥቁር ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ የእነዋሪና የአካባቢዋ ገበሬ ስንዴውን ዘርቶ አርፎ አይቀመጥም። ሚስቱንና ልጆቹን አሰልፎ በእጁ መደብ ያወጣል፣ በመደቡና በመደቡ መካከል ቦይ እየቀደደ ውሃውን ያንጣፍፋል። በእንዲህ ያለ አገር ድንበር የእህል መለያ ብቻ አይደለም፤ የውሃ መውረጃም ነው። ሁለት ፈር ያህል ድንበር የገፋ ሰው የጎረቤቱን አፈር ወስዶ አያበቃም፤ ውሃውንም መልሶ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ያስተኛበታል።

አጎቴ ያደረጉት ይህንን ነበር። የጎረቤታቸው ስንዴ በነሐሴ ቢጫ ሆኖ ሲቀር ሰውየው ሽማግሌ ሰበሰበ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ድንጋይ ከሚያመቻቹት ልጆች አንዱ ነበርኩና ነገሩን ሰምቻለሁ። አጎቴ ተጠየቁ። «ድንበሩ ተገፍቶ ከሆነ በሬው ስቶ ይሆናል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተነጋገሩና «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፤ አንተ አልተጠነቀቅህም፣ አንተ ደግሞ ሳትታገሥ ጮኸህ ሰው ሰበሰብህ። ያለፈው አልፏል፤ ይቅር ተባባሉ» ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ሰዎች ተሳሳሙ፣ ጠላ ተቀዳ። ወሰኑ ግን ከተገፋበት አልተመለሰም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አጎቴ ከሸመገሉ ወዲህ፣ እኔና እሳቸው ብቻችንን እሳት ዳር በተቀመጥንበት ሌሊት ያንን ነገር ራሳቸው አነሱት። «በሬው አልሳተም፤ እኔ ነኝ የገፋሁት» አሉኝ። ታዲያ ይህን ለማንም ተናግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ለንስሐ አባቴ ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ። ጾምም ስግደትም አዘውኝ ፈጽሜአለሁ። መሬቱንም መልስ ብለውኛል፤ እሱን ግን አልቻልኩም። ለአባ መንገር አላቃተኝም፤ ለእሱ መንገር ነው ያቃተኝ።»

ስለ ስህተት አለማመን ብዙ ይባላል። በየስብሰባው፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚጓዝ መኪና ውስጥ ሳይቀር «የዘመኑ ሰው ኅሊናው ደንዝዟል» የሚለው ሮሮ ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። የአጎቴ ኅሊና አልደነዘዘም፤ እንቅልፍ የነሳቸው እሱ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ጥፋትን ለፈጣሪ የሚናገሩበት ቦታ አለን፤ ጥፋትን የሚክዱበት ችሎትም አለን። በሁለቱ መካከል፣ ሰው ለሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ «እኔ ነኝ» የሚልበትና ብሎም የማይጠፋበት ቦታ ግን ጠብቧል። ይህ ጥበት ከየት መጣ የሚለው ነው መመርመር ያለበት።

መጀመሪያ ንግግራችንን እንስማ። ብርጭቆ ከእጁ ያመለጠው ልጅ «ሰበርኩት» አይልም፤ «ተሰበረብኝ» ይላል። ብርጭቆው ራሱ እንደ ተሰበረ፣ እሱም የተጎዳ ወገን እንደ ሆነ። ከብት የጠፋበት እረኛ «ጠፋብኝ» እንጂ «ሳልጠብቅ ቀረሁ» አይልም። አጎቴም «ተገፍቶ ከሆነ» ነው ያሉት። በፊደል ረገድ «ገፋ» እና «ተገፋ» የሚለያዩት በአንዲት «ተ» ነው፤ ይህቺ «ተ» ግን ባለቤቱን ከዓረፍተ ነገሩ ታስወጣዋለች። ቋንቋው ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። አማርኛ «አጠፋሁ»፣ «በደልኩ»፣ «አፉ በሉኝ» የሚሉ እጅግ ግልጽና ውብ ቃላት አሉት። ከእነዚህ ይልቅ ሌሎቹን የምንመርጠው እኛ ነን።

ቢሮ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። የዓመቱ ዕቅድ ካልተሳካ በሪፖርቱ ላይ «አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል»፣ «ውስንነቶች ነበሩ»፣ «ተግዳሮቶች አጋጥመዋል» ተብሎ ይጻፋል። ክፍተቱን ማን እንደፈጠረ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አይገኝም። ማዳበሪያው ዘርቶ ለጨረሰ ገበሬ ከደረሰ «መዘግየት ተስተውሏል» ይባላል። ዘግይቶ የደረሰው ማዳበሪያ ለገበሬው የዓመት እንጀራ ነው፤ የዘገየበትን ምክንያት በራሱ ስም የሚናገር ሰው ካልተገኘ በሚቀጥለውም ዓመት ይዘገያል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሸፈኑት ሥር ሁሌም በክረምቱ ይወጣል።

ከሰው ተፈጥሮ የሚመጣ ነገር እንዳለም መካድ አይቻልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳብራራው፣ ሰው ስለ ራሱ ያለው እምነትና የሠራው ሥራ ሲጋጩበት ውስጡ ይታወካል፤ ይህን ሁከት ለማብረድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚለውጠው ሥራውን ሳይሆን ስለ ሥራው የሚያስበውን ነው። «እኔ ጥሩ ሰው ነኝ» እና «ጎረቤቴን በደልኩ» የሚሉ ሁለት ሐሳቦች አንድ ራስ ውስጥ አብረው አያድሩም። አንዱ መውጣት አለበት። «እሱስ አባቱ የበደለንን ረሳው እንዴ?» የሚል ሦስተኛ ሐሳብ የሚወለደው ያኔ ነው። እኛ ይህንን ነገር ከሳይንሱ በፊት እናውቀዋለን፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብለን ስም ሰጥተነዋል። በአንዲት ስህተት ያፈረ ሰው በዐሥር ስህተት ሲከላከላት ያየ ነው ይህን አባባል የፈጠረው።

ተፈጥሮው ግን የሁሉም ሰው ነው፤ የአገሩ ታሪክ የሚጨምርበት ነገር አለ። በመንዝና በአካባቢው በቀድሞው ሥርዓት መሬት ርስት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ትውልድ ቆጥሮ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መቼም አይጠፋም፤ ስለዚህ ሙግቱም አያልቅም ነበር። አያት የጀመረውን ክርክር የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። «በላ ልበልሃ» ብሎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በቃል ጥበብ ዳኛውን የሚያስደምም ተሟጋች በአገሩ የተከበረ ነው። በእንዲህ ያለ ዓለም «አዎ፣ እዚህች ላይ ገፋሁ» ብሎ በምስክር ፊት መናገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያች ቃል ለሃምሳ ዓመት ማስረጃ ትሆናለች። ዛሬ አንድ ጥማድ ላይ የተናገራት ነገ የልጆቹን ድርሻ በሙሉ ትበላለች። መካድ የክፋት ሳይሆን የመኖር ብልሃት ነበር። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ርስት ቀረ፤ በርስት ሙግት የሠለጠነው አንደበት ግን በአዋጅ አልተሻረም። ሚስት ባሏን «ለምን አመሸህ?» ብላ ስትጠይቀው እንኳ የሚመልስላት እንደ ተከሳሽ ነው።

ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አውጫጭኝ ነበር። ከብት ተነድቶ ወይም ጎተራ ተቃጥሎ እንደሆነ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይወጣ ወደ ቤት መግባት የለም፣ የቀረ ሰውም ይቀጣል። ዘዴው ብዙ ነገር አውጥቷል። ነገር ግን የተሠራው ሰው ሌላውን እንዲያወጣ ነው። ራሱን የሚያወጣ ሰው ምን ያተርፋል ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደረሰ ይመስለኛል፤ ግምገማ። የዛሬ ጎልማሳ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሂስና ግለ ሂስ ተብሎ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ድክመቱን እንዲዘረዝር ይደረግ ነበር። በሐሳብ ደረጃ ይህ የምንመኘው ነገር ነበር፤ ሰው በገዛ አንደበቱ ስህተቱን ሲያምን ማየት! በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ከልቡ የተናገረ ሰው የተናገረው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ደረጃው ሲወሰን ተነበበበት። ይህን ያየ ሁሉ ተማረ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ሰዓት የማክበር ችግር አለብኝ»፣ «አልፎ አልፎ ቁጡ ነኝ»፣ «ራሴን በንባብ አላበለጽግም» የሚሉ ጥፋቶች ብቻ ይቀርቡ ጀመር። ትንሿ ጥፋት ትልቋን የምትጋርድ መጋረጃ ሆነች። አንድ ትውልድ ሙሉ ስህተትን ማመን ማለት ይህ ነው ብሎ አደገ። ዛሬ አንድ ሹም ቆሞ «ውስንነቶች ነበሩብን» ሲል የምንሰማው የዚያን ትምህርት ቤት ድምፅ ነው።

በመንግሥት ደረጃ ሲሆን ዋጋው በሰው ነፍስ ይከፈላል። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ፣ በእኛም በይፋትና ጥሙጋ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። «አልቻልንም፤ እርዱን» የሚለው ቃል በጊዜው ቢወጣ ኖሮ ከመንገድ ዳር የቀረው ሰው ሁሉ ባልቀረ ነበር። በዚያ ክረምት የሸዋ ሮቢትንና የደብረ ሲናን መንገድ ተከትሎ ወደ ደቡብ የወጣውን ሰው ያዩ አዛውንት ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይሰበራል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ አንድ የቦይንግ ማክስ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። አምራቹ በንድፉ ውስጥ ያለውን እንከን በግልጽ አምኖ አውሮፕላኖቹን ከበረራ በማገድ ፈንታ ጣቱን ወደ አብራሪዎችና ወደ ጥገና ቀሰረ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። ኩባንያው ለዚህ አደጋ ኃላፊነቱን እንደሚወስድና ጥፋቱ የአብራሪዎቹ እንዳልሆነ በፍርድ ቤት የተቀበለው በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ነው። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያሉትን ወራት ባሰብኩ ቁጥር አንዲት በጊዜዋ ያልተነገረች «ተሳስተናል» ምን ያህል እንደምትገድል ይታየኛል።

የዚያው የአቪዬሽን ዓለም ሌላ ገጽ ደግሞ መፍትሔውን ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብራሪ ወይም የበረራ ተቆጣጣሪ የፈጸመውን ስህተት በዐሥር ቀን ውስጥ ራሱ ሪፖርት ካደረገ፣ ሆን ብሎ ያደረገው ወይም ወንጀል እስካልሆነ ድረስ፣ ከቅጣት የሚያመልጥበት አሠራር አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለውም ቅጣት የሚጥለው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ነው። የሚቀበለውና የሚቀጣው መለየታቸው ነው ብልሃቱ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሞከረውም ይመሳሰላል፤ ሐኪሞች የሠሩትን ስህተት ለታካሚው ራሳቸው ይነግራሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ካሳ ያቀርባሉ። ክስ ይጎርፋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የክሱ ቁጥር ቀነሰ። ሰው ከጉዳቱ ይልቅ የሚያንገበግበው መዋሸቱ መሆኑን ሽማግሌዎቻችንም ያውቁታል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስና አንድ ከባድ ነገር ልናገር፤ የምናገረውም በክብር ነው። ሽምግልና የዚህ አገር ትልቁ ሀብት ነው። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ፣ ገዳዩን ድንጋይ አሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት የሚያስጎነብስ ሥርዓት ነው። ያ ድንጋይ «በሬው ስቶ ነው» አይልም። ተሸካሚው አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ጥፋቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃልም ክብደት የሚያገኘው ከዚያ ነው። በደም ጉዳይ ይህን ያህል ጥብቅ የሆንን ሰዎች በመሬት፣ በገንዘብ፣ በትዳር ጠብ ጊዜ ግን «ሁለታችሁም» ወደሚለው እንሮጣለን። ቸኩለን ሰላም ስለምንፈልግ ጥፋቱን እኩል እንቆርሰዋለን። ያጠፋው በግማሽ ይድናል፤ ያላጠፋው ግማሽ ዕዳ ተሸክሞ ይሄዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ከወይራው ሥር የተነሡት ሁለት ሰዎች ተሳስመዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የአጎቴ ጎረቤት በሽማግሌ አምኖ አያውቅም።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን አንገብጋቢ ሆነ? ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትንና ካሳን ይዟል። ከእነዚህ ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፤ የሚናገር ሰው መኖሩ። ታዲያ በእኛ ዞን ማን ይናገራል? አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ቤቱን፣ ሱቁን፣ ዘመዱን ያጣ ሰው ሞልቷል። በአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞንም ዘመዱን የቀበረ አለ። ወዲህም ወዲያም ብትሄዱ የምትሰሙት ቃል አንድ ነው፤ «ተበደልን»። እውነት ነው፤ ተበድለዋል። ነገር ግን ይህን ያህል የተበደለ ሰው ባለበት ሜዳ «በደልን» የሚል አንድ ሰው አለመገኘቱ እንዴት ይሆናል? ከተማዋ ራሷን አላቃጠለችም። እንደገና ያች «ተ» ናት፤ አሁን ግን በብርጭቆ ላይ ሳይሆን በከተማ ላይ ቆማለች።

ለዚህ ሰውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዛሬ «እኔ ነበርኩ» የሚል ሰው ምን ያገኛል? ሕጉ በወረቀት ላይ በር ከፍቷል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከልብ የተጸጸተን፣ ጥፋቱን ያመነን፣ ጉዳቱን ለመካስ የሞከረን ቅጣት ማቅለያ ይሰጠዋል። ከወረቀት ውጪ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። የራሱ ወገን ከሃዲ ይለዋል፣ የተበዳይ ወገን ሲጠብቀው የነበረውን ስም አገኘ፣ በሁለቱም በኩል ልጆቹ መንገድ ላይ ይጠቆማሉ። ደቡብ አፍሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እውነቱን ስታፈላልግ ምሕረት ለማግኘት የተጠየቀው ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ እንደነበረው ማሳየትና ሙሉውን እውነት መናገር ነበር፤ ጸጸት ማሳየት እንኳ ግዴታ አልነበረም። ከሰባት ሺህ በላይ ሰው አመለከተ፤ አብዛኞቹ ማመልከቻዎች ውድቅ ሆኑ። አሠራሩ ብዙ ነቀፌታ አለበት፤ ስንቱ ወንጀለኛ ሳይናገርም ሳይከሰስም ቀርቷል። ቢሆንም ልጇ የት እንደተቀበረ የማታውቅ እናት ከገዳዩ አንደበት ቦታውን የሰማችበት ጊዜ አለ። ለዚያች እናት ያ ቃል ምን እንደሆነ እኛ በሰሜን ሸዋ ልንገምት እንችላለን፤ የልጃቸውን አስከሬን ያላገኙ እናቶች በመካከላችን አሉ።

ስለዚህ ኮሚሽንም ቢቋቋም፣ ሽማግሌም ቢሰበሰብ፣ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ለሚናገረው ሰው መቆሚያ ቦታ ነው። ሰሚው ከቀጪው የተለየበት፣ የተነገረው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ነገ ለሌላ ጠብ የማይመዘዝበት፣ «ሁለታችሁም» ተብሎ የማይድበሰበስበት።

የአጎቴን ነገር ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። ያን ሌሊት ከነገሩኝ በኋላ ጎረቤታቸው ሞቶ ስለነበር ወደ ልጁ ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። በሩ ላይ ቆመው ሳይቀመጡ «ድንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ፤ አባትህን ውሃ ያስተኛሁበት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ» አሉት። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ አባቴ እኮ ያውቅ ነበር። እርስዎ እስኪነግሩት ነበር የሚጠብቀው» አለ።

መሬቱን ለመመለስ ሦስታችንም ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የተመዘገበው የተገፋው ድንበር ነው። ባለሙያው ጉዳዩን ሰምቶ ግራ ተጋባ፤ ክርክር ከሌለ የሚያስተካክልበት መንገድ እንደሌለ ነገረን። «ልጁ ይክሰስዎትና በውሳኔ ይምጣ» አለ። አጎቴ ወደ ልጁ ዞረው «እንግዲያውስ ክሰሰኝ» አሉት። ልጁ እምቢ አለ። እውነቱን ሊነግረኝ ደጄ ድረስ የመጣን ሰው አልከስም አለ። በማግሥቱ ሁለቱ ድንጋዩን ነቅለው በድሮው ቦታ ተከሉት፣ ቦዩንም ወደ ቀድሞ መውረጃው መለሱት። ደብተሩ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።